ባክሃንድ ላስቸገራችሁ የደሴ ልጆች፦ ምስጋናም ጥቆማም

ይህን የምጽፈው ሁለት ነገር አንድ ላይ ለመጨረስ ነው። አንደኛው ምስጋና ነው። በአካል ላመሰግናቸው ስሞክር "ተው እባክህ" ብለው ወሬ ይቀይሩብኛል። ሁለተኛው ጥቆማ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሜዳ ቴኒስ የምትጫወቱ፣ ወይም ልጀምር ወይ እያላችሁ የምታመነቱ ሰዎች፣ እኚህን ሰው ሳታውቋቸው እንዳትቀሩ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ አትጻፍ ብለውኛል። ሜዳ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስድሳዎቹን የያዙ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው የሚመጡ ሰው ናቸው። ልጅ እያሉ አዲስ አበባ ኳስ አቀባይ ነበሩ። ጨዋታውን የተማሩት ሌሎች ሲጫወቱ እያዩ፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን ደግሞ በተዋሱት ራኬት ከግድግዳ ጋር እየታገሉ ነው። የምስክር ወረቀት አላየሁባቸውም። ዓይን ግን አላቸው።

የእኔ ጣጣ በአንድ እጅ የሚመታው ባክሃንድ ነበር፤ ቀኝ እጅ የሆነ ሰው በግራ ጎኑ የመጣችለትን ኳስ የእጁን ጀርባ አስቀድሞ የሚመታው ማለት ነው። ፎርሃንዴ፣ በቀኝ በኩል የምመታው፣ ክፉ አይደለም። ግን ተጋጣሚ ሁሉ ሁለት ጌም ሳይሞላ ደካማ ጎኔን ይደርስበትና ኳሷን ወደ ግራ፣ አሁንም ወደ ግራ ይልክብኛል። በፎርሃንድ ልምታት ብዬ ስዞር ደግሞ ግማሽ ሜዳ ክፍት ይቀራል። ቪዲዮማ ስንቱን አየሁ! ቪዲዮው የስዊሱ ኮከብ ፌደረር እንዴት እንደሚመታ ያሳያል እንጂ የእኔ ክርን የት እንደገባ አይነግረኝም።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ ምንም አላሉም። አጥሩን ተደግፈው ዝም ብለው አዩኝ። መጨረሻ ላይ "አብሽር፣ እጅህ ደህና ነው። አልዞር ያለህ ትከሻህ ነው" አሉኝ።

ሥራ የጀመሩት ከአያያዝ ነው። የራኬት እጀታ ክብ ይመስላል እንጂ ስምንት ጎን አለው። በፎርሃንድ አያያዝ ባክሃንድ ሲመታ የራኬቱ ፊት ወደ ሰማይ ይከፈታል፤ ያን ለማስተካከል ደግሞ አንጓ ይጠመዘዛል። ጋሼ ራኬቱን በጠርዙ አቆሙትና የሌባ ጣቴን ሥር፣ ያችን ጉብ ያለች አጥንት፣ ከላይ ባለው ጠፍጣፋ ጎን ላይ አሳረፏት። "እዚች ላይ ትተኛ። ሌላውን እርሳው።" የዚያን ቀን ሌላ ነገር አልነበረም። ኳስ በእጃቸው እየጣሉልኝ አያያዝ ብቻ ሆነ። ሌሎች አሰልጣኞች ጋም ሞክሬ አውቃለሁ። እግርህን፣ ጉልበትህን፣ ዓይንህን ሲሉኝ ሁሉም ይምታታብኝ ነበር። እሳቸው አንዱ ሳይያዝ ወደ ሌላው አይሄዱም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከማልመታበት እጅ ነው። የሚመታው ቀኝ ነው፤ ሁሉን የሚያዘጋጅለት ግን ግራው ነው። ግራ እጅ የራኬቱን አንገት ይዞ ወደ ኋላ ይስባል። ሲስብ ትከሻ አብሮ ይዞራል፣ ጀርባችሁ በከፊል ለተጋጣሚ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ ራኬቱ ከኳሷ በታች ወርዶ ወደ ፊትና ወደ ላይ ሲወጣ ግራው ይለቃል። ለቆ ግን ወደ ፊት አይከተልም፤ ወደ ኋላ ይዘረጋል። ሁለቱ እጆች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ደረት ያለጊዜው አይከፈትም፣ ኳሷም ወደ ጎን አታመልጥም።

ጋሼ ይህን ያስገቡኝ በንግግር አይደለም። ልክ እንደመታሁ "ቁም!" ይላሉ። ድርቅ እላለሁ። "ግራ እጅህ የት ነው?" ዝቅ ብዬ ሳይ ሆዴ ላይ ተለጥፏል። እንደገና። "ቁም! ግራ እጅህ የት ነው?" አሁን ደግሞ ደረቴ ፊት ለፊት ነው። እንደገና። ኳሷ መረብ ውስጥ ትግባ፣ አጥር ትዝለል፣ ጉዳያቸው አይደለም። እጄን ነው የሚያዩት። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ይህችን ነገር ቀልድ አደረጓት። ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንዱ ከመንገዱ ማዶ "ወንድሜ፣ ግራ እጅህ የት ነው?" ብሎ ጮኸብኝ። በረንዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ እጄ ዞረ።

ቀጥሎ የመጣው ኳሷ የምትመታበት ቦታ ነው። በሁለት እጅ የሚመታ ሰው ትንሽ ብትዘገይበትም ሁለተኛው እጅ ያግዘዋል። በአንድ እጅ ግን ከፊት እግር ቀደም ብለው ካላገኟት ጉልበት የለም። ጎን ላይ ከደረሰች ክርን ይቀድማል፣ አንጓ ይታጠፋል፣ ጫናው ሁሉ በክርን ውጫዊ ጎን ያሉት ጅማቶች ላይ ያርፋል። የእኔም ክርን ያመኝ የነበረው በዚያው በኩል ነው። ጋሼ ሐኪም ነኝ አላሉም፤ መጀመሪያ ታየው ብለው የላኩኝ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው ኳሷን ወደ ፊት ወጥቼ እንድቀበላት ያለማመዱኝ።

ስለ ከተማችንም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል፣ ነጥሮ ሲነሳም ይዘላል። በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ለብቻው የተሠራ ኳስ አለ። እኛ የምንጫወተው ግን በተገኘው ነው። ስለዚህ ኳሷ ትከሻ ላይ ትመጣባችኋለች፤ ለአንድ እጅ ባክሃንድ ከዚህ የባሰ ፈተና የለም። ስፔናዊው ናዳል ፌደረርን ስንት ዓመት ያንገላታው በዚሁ ነው። በግራ እጁ ቶፕስፒን (ኳሷን ወደ ፊት የሚያሽከረክር ምት) እያበዛ ባክሃንዱ ላይ ከፍ አድርጎ ይልክበታል። በፈረንጆቹ 2017 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ላይ ግን ፌደረር አልሸሸም። ወደ መስመሩ ተጠግቶ ኳሷ ከፍ ሳትል እየመታ፣ በአምስተኛው ዙር አሸነፈ።

ጋሼ ያን ጨዋታ ይወዱታል፤ ለእኛ ግን አይመክሩትም። "የሱ እግር ካለህ ቀጥል" ይላሉ። ለእኛ የሚሉን ጊዜ ካለ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ኳሷ ስትወርድ መምታት፣ ጊዜ ከሌለ ደግሞ በስላይስ (ኳሷን ከላይ ወደ ታች በሚቆርጥ ምት) አርዝሞ መመለስ ነው። ለጀማሪ አዲስ ኳስ አያወጡም። አየሩ የቀነሰ አሮጌ ኳስ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። ንፍገት እንዳይመስላችሁ። እዚህ ከፍታ ላይ አሮጌው ኳስ ዝላዩ በረድ ስለሚል ለተማሪ ይመቻል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዚያው ኳስ ብትጫወቱ ልዩነቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ።

የማከብርላቸው ሌላ ነገር፣ አንድ እጅ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለማለታቸው ነው። ትንንሽ ልጆችን የሚያስጀምሩት በሁለት እጅ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ "እኔም በአንድ እጅ" ብላ ስታስቸግራቸው "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ታላቁ ሳምፕራስም ከሁለት ወደ አንድ እጅ የቀየረው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው" አሏት። በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ የወንዶቹ የዓለም ደረጃ የመጀመሪያ አሥር ውስጥ በአንድ እጅ ባክሃንድ የሚመታ አንድም ሰው ጠፍቶ ነበር። ደረጃው መውጣት ከጀመረበት ከ1973 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ዜናውን ይዤላቸው ሄጄ "አዩ ጋሼ፣ እያለቀልን ነው" አልኳቸው። "ታዲያ እኔና አንተ ዊምብልደን ልንገባ ነው? ይልቅ ግራ እጅህን!" አሉኝ።

አሁን ተጋጣሚዎቼ ወደ ግራ መላካቸውን አልተዉም። ኳሷ ግን ትመለሳለች፤ አንዳንዴ በመስመሩ ቀጥ ብላ። ይሄ ለእኔ ብዙ ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊትና ቅዳሜ አሉ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የጦሳ ተራራም አይታይ፣ ኳስም አይታይ፤ እስኪገልጥ መጠበቅ ነው። ክፍያቸው አይከብድም፣ ከተማሪ ልጆች ደግሞ አይቀበሉም። ራኬት ለሌለው ያውሳሉ። ጉድለትም አላቸው። ስልክ አያነሱም። ሙገሳ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ይሂድ፤ ከእሳቸው "ደህና" የሚል ቃል ከሰማችሁ ትልቅ ነገር ነው። ሰርቭ (ጨዋታ ማስጀመሪያውን ምት) ልማር የሚል ደግሞ ትከሻቸው ስለሚያማቸው እንደ ድሮው መትተው እንደማያሳዩት ይወቅ፤ በቃል ነው የሚያርሙት።

ሜዳው የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ቤታችሁ የተጣለ የቴኒስ ኳስ ካለ ስትሄዱ ይዛችሁላቸው ሂዱ፤ ከረጢቱ ሳስቷል።