ስፔሻሊቲ ወይስ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ?

ፒያሳ በምንሠራበት ክሊኒክ የምሳ ሰዓት ወሬ አንድ ሆኗል፤ የጥርስ ሐኪሟም የጥርስ ጽዳት ባለሙያውም «ቀጥዬ ምን ልማር?» ይላሉ።

የአፍ፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ብዙውን ጊዜ 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በአደጋ የተሰበረ መንጋጋ በሽቦ ማሰር፣ የተሰነጠቀ ላንቃ መጠገን፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር አለበት። እጅ የሚገራው እዚያ ነው። በሩ ግን የሚከፈተው ለሐኪም ነው፤ የጽዳት ባለሙያ የቱንም ያህል ቢጎብዝ አይገባበትም።

የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ያጥራል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የጽዳት ባለሙያም ይማረዋል። መሰርሰሪያ ስለማይያዝበት ብዙዎች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። ባለፈው ወር ከዝዋይ የመጣ ወጣት አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር የሚያወራን፤ የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ሆነዋል። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ጉድጓዶች ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ፣ ሲበዛ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸው ማዕድን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር ያልፋል። የእርሱን ጥርስ ማሳመር ይቻላል፤ ታናሽ ወንድሙ ግን ያንኑ ውኃ እየጠጣ ነው፤ ይህን ከምንጩ መከላከል ደግሞ የሕብረተሰብ ጤና ሥራ ነው።

ለሐኪሟ ስፔሻሊቲውን መክሬያታለሁ፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። ለባልደረባዋ ሁለተኛውን፤ ደመወዙን ብቻ አስቀድሞ ይጠይቅ።