የኤቤት የኮምፒውተር ሳይንስ እውቅና፦ ኮርሱ ያልፋል፣ ማስረጃው ይጥላል

ኤቤት የዩኒቨርሲቲ የቴክኒክ ትምህርት ፕሮግራሞችን መዝኖ እውቅና የሚሰጥ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ለእውቅናው የሚዘጋጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት ቀድሞ የሚጨነቀው በኮርሶቹ ዝርዝር ነው። ኮርሶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋሉ። ብዙ ፕሮግራም የሚያዘው አራተኛው መስፈርት፣ ቀጣይነት ያለው መሻሻል፣ ላይ ነው፤ «ተማሪው ይህን መቻሉን በምን አወቃችሁ? ካወቃችሁስ በኋላ ምን አደረጋችሁ?» የሚለው ላይ።

እውቅናውን የሚሰጠው የድርጅቱ የኮምፒዩቲንግ አክሬዲቴሽን ኮሚሽን ነው። ኤቤት እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ለኢንጂነሪንግ ትምህርት ተቋቋመ፤ የኮምፒዩቲንጉ ዘርፍ የተጠቃለለው በ2001 የኮምፒዩቲንግ ፕሮግራሞችን ይመዝን የነበረው ሲኤስኤቢ ሲዋሃደው ነው። እውቅናው ለፕሮግራም እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለዲፓርትመንት አይሰጥም። ደረጃ አያወጣም፣ ነጥብ አይሰጥም። ክፍያው የግምገማ መነሻ፣ በገምጋሚ ቁጥር የሚጨመርና ዓመታዊ ተብሎ ይከፋፈላል። ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ግን ደረሰኝ የሌለው የመምህራን ጊዜ ነው።

የጊዜ ሰሌዳው አይላወስም። በዚህ ኮሚሽን እውቅና ያገኘ ፕሮግራም የሌለው ተቋም አስቀድሞ የዝግጁነት ምርመራ ሰነድ እስከ ኦክቶበር 1 ያስገባል። ከዚያ ማመልከቻው እስከ ጃንዋሪ 31፣ የራስ ግምገማ ሪፖርቱ እስከ ጁላይ 1 ይደርሳል። ጉብኝቱ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ይሆንና ውሳኔው በተከታዩ ዓመት ጁላይ ይወሰናል። ፕሮግራሙ ቢያንስ አንድ ተማሪ ማስመረቅም አለበት። ለክቶ፣ ወስኖ፣ አስተካክሎ እንደገና የለካ ፕሮግራም ሆኖ ለመቅረብ ከሪፖርቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። በመጨረሻው ሴሚስተር የተሰበሰበ መረጃ የቸኮለ መሆኑ ከቀኑ ብቻ ያስታውቃል።

ካሪኩለሙ ላይ መስፈርቱ አስቸጋሪ አይደለም። ቢያንስ 40 ሴሚስተር ክሬዲት ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ቢያንስ 15 ክሬዲት ሒሳብና ስታቲስቲክስ፣ ቢያንስ 6 ክሬዲት የተፈጥሮ ሳይንስ ይጠይቃል። ሒሳቡ ውስጥ ዲስክሪት ማቲማቲክስ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ መኖር አለባቸው። ሳይንሱ ላቦራቶሪ ያለውና ለሳይንስና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ለሁሉም ዲፓርትመንት የሚሰጠው ቀለል ያለው ኮርስ አይቆጠርም። አልጎሪዝምና ኮምፕሌክሲቲ፣ ቲዮሪ፣ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ጽንሰ ሐሳብና የሶፍትዌር ልማት በስፋት ይሰጣሉ። አርክቴክቸር፣ ዳታ አያያዝ፣ ኔትወርክ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ፓራለልና ዲስትሪቢዩትድ ኮምፒዩቲንግ (አንድን ሥራ ለብዙ ፕሮሰሰር ወይም ለብዙ ኮምፒውተር ማካፈል) ደግሞ ተማሪው ቢያንስ የሚተዋወቃቸው ናቸው። ቀደም ሲል የተማረውን የሚያዋህድበት ትልቅ ፕሮጀክትም ይኖራል።

እዚህ ያለው ወጥመድ የምርጫ ኮርስ ነው። ፓራለልና ዲስትሪቢዩትድ ኮምፒዩቲንግ በምርጫ ኮርስ ብቻ ከተሰጠ፣ ያን ኮርስ ሳይወስድ የተመረቀ ሁሉ መስፈርቱን አላሟላም። ገምጋሚው ይህን የሚይዘው የምሩቃንን ትራንስክሪፕት ከካሪኩለሙ ጋር በማመሳከር ነው። መፍትሔው አዲስ ኮርስ መክፈት አይደለም። ግዴታ በሆነው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ውስጥ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ትሬድ፣ ሬስ ኮንዲሽንና መልእክት መለዋወጥ ይሰጥ፤ ሲላበሱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ውጤት የሚያዝበት አሳይመንት ይኑረው። አሳይመንት የሌለው ርዕስ በወረቀት ብቻ ያለ ርዕስ ነው።

ምሩቁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደርስበታል የሚባለውን የሚገልጹት የፕሮግራሙ የትምህርት ዓላማዎች ብዙ ጊዜ አይፈጁም። ዓላማውን «ተማሪው ፕሮግራም መጻፍ ይችላል» ብሎ መጻፍ ግን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያ በምረቃ ዕለት የሚጠበቅ የተማሪ ውጤት ነው። ዓላማዎቹን ቀጣሪዎችና ምሩቃን በየጊዜው እንደሚከልሷቸው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማሳየት ያስፈልጋል።

የተማሪ ውጤቶቹ ስድስት ናቸው፦ ችግር መተንተን፣ መፍትሔ ነድፎ መሥራትና መመዘን፣ መግባባት፣ ሙያዊ ኃላፊነትና ሥነ ምግባር፣ በቡድን መሥራት፣ ስድስተኛው ለኮምፒውተር ሳይንስ ብቻ የተጨመረው የቲዮሪና የሶፍትዌር ልማት መሠረት። ፕሮግራሙ የራሱን መጨመር ይችላል። ባይጨምር ይሻላል፤ የተጨመረው ሁሉ እንደሌሎቹ ይለካል፣ ይተነተናል፣ ይከራከሩበታል።

ወደ አራተኛው መስፈርት እንምጣ። እዚህ ብዙ ሪፖርት የሚወድቀው የኮርስ ውጤትን ማስረጃ አድርጎ በማቅረብ ነው። በአልጎሪዝም ኮርስ ቢ ያገኘ ተማሪ ምን እንደሚችል ማንም አያውቅም፤ ቢው ውስጥ ኩዊዝ፣ ሚድ፣ የቤት ሥራ፣ አንዳንዴም መገኘት ተቀላቅለዋል። የሚሠራው አንድን ጥያቄ ነጥሎ መለካት ነው። ስድስተኛውን ውጤት እንውሰድ። በፋይናል ፈተናው ላይ በአንድ ዝርዝር ውስጥ የተደገሙ ቁጥሮችን በሁለት የተጠላለፉ ሉፖች የሚፈልግ ኮድ ይሰጣል። ተማሪው የሚፈጅበትን ጊዜ እንዲያሰላ፣ ፈጣን መንገድ እንዲነድፍ፣ የአዲሱንም ጊዜ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ሩብሪኩ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ነጥብ ትርጉም አስቀድሞ የሚዘረዝረው የምዘና ሠንጠረዥ፣ ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ ከ1 እስከ 4 ይመዝናል። ግቡ ቀድሞ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 70 በመቶው ተማሪ 3 እና ከዚያ በላይ ያግኝ። ኤቤት ይህን ቁጥር አይወስንም፤ ፕሮግራሙ ግን ለምን 70 እንደመረጠ መናገር መቻል አለበት።

እንበልና በንድፉ 80 በመቶው 3 እና ከዚያ በላይ አገኘ፣ በማረጋገጡ 50 በመቶው ብቻ። አሁን ችግሩ ያለበት ቦታ ታወቀ፤ ተማሪው ሃሽ ቴብል (ዳታ ፈጥኖ የሚፈለግበት አደረጃጀት) ተጠቅሞ ያፋጥነዋል፣ ጊዜውን ሲያሰላ ግን አማካዩንና የከፋውን ሁኔታ ያምታታል። የሦስቱን አማካይ ብቻ የያዘ ፕሮግራም አንድ ቁጥር ይጽፍና ምን ማስተካከል እንዳለበት አያውቅም። እርምጃው ወደ ኮርሱ ይገባል፤ ትንተናውን የሚመለከት አንድ ተጨማሪ አሳይመንት፣ ምናልባትም ከፕሮባቢሊቲ ኮርሱ መምህር ጋር ምሳሌ መናበብ። ከዚያ በተከታዩ ዓመት ተመሳሳይ ጥያቄ በተመሳሳይ ሩብሪክ ይለካል። ለገምጋሚው የሚቀርበው ይህ ሰንሰለት ከነቀኑና ከነቃለ ጉባኤው ነው። ቁጥሩ ባይሻሻል እንኳ አያሳፍርም፤ የሚያስጠይቀው ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

አምስተኛው ውጤት ላይ የቡድን ፕሮጀክት ነጥብ አይበቃም። አንድ ጎበዝ ልጅ ሌሊቱን የጻፈው ኮድ አራቱንም የቡድኑን አባላት ኤ ያሰጣል። ማን የትኛውን ኮድ መቼ እንዳስገባ የሚያሳየው የኮሚት ታሪክ፣ የቡድን አባላት እርስ በርስ የሰጡት ምዘናና የመምህሩ ምልከታ ለእያንዳንዱ ተማሪ ተለይተው ይያዙ። መጠይቅ ለድጋፍ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ግን ተማሪው እችላለሁ ብሎ ማሰቡን እንጂ መቻሉን አያሳይም።

ሁሉንም በየሴሚስተሩ መለካት መምህራንን ያሰለችና ቅጽ መሙላት ብቻ ያተርፋል። ለአዲስ አመልካች በመጀመሪያው ዓመት ስድስቱንም በአንድ ወይም በሁለት ቦታ መለካት፣ ከዚያ በዓመት ሁለት ውጤት ብቻ መውሰድ ይበቃል። በዚህ አካሄድ በስድስት ዓመቱ የእውቅና ዘመን እያንዳንዱ ውጤት ሁለት ጊዜ ይዞራል።

ጉብኝቱ በተለምዶ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ነው። የቡድን መሪና የየፕሮግራሙ ገምጋሚ መጥተው ላቦራቶሪ ያያሉ፣ መምህራንንና ተማሪዎችን ያነጋግራሉ፣ በመጨረሻ ግኝታቸውን ለአመራሩ ያነብባሉ። የተሳሳተ መረጃ ለማረም 7 ቀን፣ ለረቂቅ ሪፖርቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለ። ግኝቱ በሦስት ይከፈላል፦ መስፈርቱ ካልተሟላ ጉድለት፣ ተሟልቶ ጥንካሬ ካነሰው ድክመት፣ ዛሬ ተሟልቶ ነገ የሚያሰጋ ከሆነ ስጋት። ስጋት ብቻ ያለበት ሙሉውን ስድስት ዓመት ያገኛል። ድክመት ተጨማሪ ሪፖርት ወይም ዳግም ጉብኝት ያስከትላል። ጉድለት ግን እውቅናውን ራሱን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል።

ቅሬታም አለ። «በስፋት» እና «መተዋወቅ» የሚሉት ቃላት መጠን አልተቀመጠላቸውም፤ ሁለት ገምጋሚዎች አንዱን ካሪኩለም ለየቅል ሊያዩት ይችላሉ። ከጉብኝቱ በኋላ ሪፖርቶቹ በአርታዒዎች እጅ ማለፋቸው ልዩነቱን ያጠብበዋል እንጂ አያጠፋውም። ገምጋሚዎቹም ችግሩን ያሳያሉ እንጂ መፍትሔውን አይነግሩም። የሚመጡት መምህራንና የኢንዱስትሪ ሰዎች መሆናቸው ግን የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ ነው፤ የኮርሱን ይዘት የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ ዲፓርትመንቱም ሳይወድ በግድ ይነቃል።

ካሪኩለሙ የቆመ፣ መምህራኑ ቢያንስ በአንድ ኮርስ ላይ ሩብሪክ የተስማሙበት ዲፓርትመንት ገንዘቡን ቢከፍል አይቆጭም። ቃለ ጉባኤ የማይያዝበት፣ የፈተና ወረቀት ከሴሚስተሩ ማብቂያ በኋላ የማይገኝበት ዲፓርትመንት ግን ማመልከቻውን ያቆየው። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ግዴታ ኮርስ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን የታረሙ ሥራዎች ኮፒ አድርጎ በአንድ ፎልደር ማስቀመጥ ይጀምር።