ለትንሽ አውሮፕላን የትኛው የአደጋ ጊዜ ጠቋሚ ይሻላል? የአራት አማራጮች ንጽጽር

አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሰው በማይደርስበት ጫካ ወይም ተራራ ላይ ቢወድቅ፣ ነፍስ አድን ሠራተኞች በሰዓታት ውስጥ መድረሳቸውን ወይም ቀናት መፍጀታቸውን በአብዛኛው የሚወስነው ከጅራቱ አጠገብ የተሰካ፣ አብራሪው ለወራት ዞር ብሎ የማያየው አንድ ሳጥን ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ ኢኤልቲ የሚባለው ይህ ጠቋሚ አውሮፕላኑ ከባድ ግጭት ሲደርስበት፣ ግጭቱን የሚለይ ማብሪያ በውስጡ ስላለ፣ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ የድረሱልኝ ምልክት ማሰራጨት ይጀምራል። እዚህ ጎን ለጎን የሚታዩት አማራጮች አራት ናቸው፦ በ121.5 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ የሚሠራው አሮጌው ኢኤልቲ፣ በ406 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው፣ ይኸው ከጂፒኤስ ጋር የተገናኘው፣ እንዲሁም አብራሪው ከራሱ ጋር ይዞት የሚሄደው የግል ጠቋሚ። ገዢዎች ዘወትር የሚከራከሩት ስለ ሳጥኖቹ ነው፤ የእኔ አስተያየት ግን ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት ለአንቴናው፣ ለገመዱና ለማሰሪያው ነው ወደሚለው ያደላል።

121.5 ብቻ ያለው

አሮጌው ኢኤልቲ የሚያሰራጨው በሬዲዮ ሲሰማ ከፍ ካለ ቃና ወደ ዝቅተኛው ደጋግሞ የሚወርድ ጩኸት ብቻ ነው። ጩኸቱ የየትኛው አውሮፕላን እንደሆነ የሚናገር አንዳች መረጃ አይዝም። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት በጋራ የመሠረቱት ኮስፓስ-ሳርሳት የተባለው የሳተላይት ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያው ሳተላይት ከመጠቀ በኋላ፣ ይህን ሞገድ ለዓመታት ሲያዳምጥ ቆይቷል። ችግሩ ግን ከጥሪዎቹ እጅግ የሚበዙት የሐሰት መሆናቸው ነበር፤ የባንክ ገንዘብ ማሽንና የስታዲየም የውጤት ሰሌዳ ሳይቀሩ በዚያው ሞገድ ላይ የሚረብሽ ምልክት እየለቀቁ ሳተላይቱን ያሳስቱት ነበር። በዚህም ምክንያት ሳተላይቶቹ 121.5ን መከታተል እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009 አቆሙ።

ከዚያ ቀን ወዲህ 121.5 ብቻ ያለውን ኢኤልቲ የሚሰማው ሬዲዮውን በዚያ ሞገድ ላይ ከፍቶ በአቅራቢያው የሚያልፍ አውሮፕላን ወይም በቅርብ የሚገኝ የመቆጣጠሪያ ማማ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ ኢኤልቲዎች በ406ም በ121.5ም እንዲሠሩ ቢደነግግም፣ በአገር ውስጥ በረራ ብቻ ለሚያገለግሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች አሮጌውን ዛሬም የሚፈቅዱ አገሮች አሉ። ሕግ ፈቀደው ማለት ግን ሊገዛ ይገባዋል ማለት አይደለም። ያገለገለ አውሮፕላን የሚገዛ ሰው በውስጡ አሮጌው ሳጥን ካለ የመለወጫውን ወጪ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ላይ አስቀንሶ መደራደር ይኖርበታል።

406 ሜጋኸርትዝ፣ ያለ ጂፒኤስና ከጂፒኤስ ጋር

የ406 ኢኤልቲ በየ50 ሰከንዱ ገደማ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል የሚቆይና 5 ዋት ኃይል ያለው አጭር ዲጂታል መልእክት ወደ ሳተላይት ይልካል። መልእክቱ የአገሩን ኮድና የጠቋሚውን መለያ ይይዛል። የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል ጥሪው እንደደረሰው በመዝገብ ላይ በሰፈረው ስልክ ለባለቤቱ ይደውላል፤ ባለቤቱም አውሮፕላኑ ሃንጋር ውስጥ እንደቆመ ከመለሰ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል፣ ካልሆነ ግን ማዕከሉ የአውሮፕላኑን ዓይነትና የሚያውቁትን ሰዎች ከመነሻው በእጁ ይዞ ፍለጋውን ይጀምራል። ከዚህ ጎን ለጎን ኢኤልቲው በ121.5 ላይ አነስተኛ ኃይል ያለው ምልክት ይለቃል። ሳተላይቱ አካባቢውን ካሳወቀ በኋላ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዚህ ምልክት እየተመራ የሚሄደው የፍለጋው አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ነው።

በትክክለኛነት ረገድ ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ሳተላይቶች 121.5ን በሚከታተሉበት ዘመን ስህተቱ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርስ ስለነበር የሚፈተሸው ቦታ ወደ 1,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋ ነበር። ያለ ጂፒኤስ የሚሠራው 406 ግን ሳተላይቱ ሲያልፍ በሚታየው የሞገድ መለዋወጥ ተሰልቶ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ባለ ስህተት ስለሚገኝ ቦታው ከ80 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ይሆናል። ጂፒኤስ ያለው ደግሞ ቦታውን ራሱ በመልእክቱ ውስጥ ስለሚናገር ስህተቱ ወደ 100 ሜትር ያህል ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማያነሡት አንድ ለውጥ አለ። ቀድሞ ቦታውን የሚያሰሉት ዝቅ ብለው ምድርን የሚዞሩ ጥቂት ሳተላይቶች ስለነበሩ አንደኛው እስኪያልፍ ድረስ መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን የ406 ተቀባይ መሣሪያ በጂፒኤስ፣ እንዲሁም የአውሮፓና የሩሲያ አቻዎቹ በሆኑት በጋሊሊዮና በግሎናስ ሳተላይቶች ላይ ተጭኖ በ20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚዞር፣ አንድን ጠቋሚ በአንድ ጊዜ የሚያዩት ሳተላይቶች በርካታ ናቸው፤ ጂፒኤስ የሌለውም ኢኤልቲ ቢሆን ከቀድሞው እጅግ ባጠረ ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ በጂፒኤስ ምክንያት የሚጨመረው ዋጋ ከዓመታት በፊት የነበረውን ያህል ልዩነት አያመጣም። ያም ሆኖ እኔ ብሆን እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ጠቋሚው አንድ መልእክት ብቻ ልኮ በእሳት ቢቃጠል እንኳ ያች አንዷ መልእክት ቦታውን ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

ጂፒኤሱ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄም መነሣት አለበት። አንዳንዱ ኢኤልቲ መቀበያውን በውስጡ ይዟል፤ ይህ ለተከላ ቀላል ቢሆንም ከግጭቱ በኋላ ሰማይ ማየት አለበት፣ ቦታውን ለማግኘትም ጊዜ ይወስዳል። ሌላው ቦታውን በኮክፒቱ፣ ማለትም በአብራሪው ክፍል፣ ካለው ጂፒኤስ በሽቦ የሚቀበል ሲሆን፣ በበረራው ወቅት ቦታው በየጊዜው እየታደሰ ስለሚጠብቀው ግጭቱ ሲደርስ የሚልከው መረጃ ዝግጁ ነው። ኮክፒቱ ውስጥ ቋሚ ጂፒኤስ ያለው ባለቤት ሁለተኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ከመግዛቱ በፊት ግን ሁለቱ መሣሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ዘዴ፣ አርኤስ-232ም ይሁን አሪንክ 429፣ የሚስማማ መሆኑን ቴክኒሽያኑ በጽሑፍ ያረጋግጥለት።

አንቴናው፣ ገመዱና ማሰሪያው

ምርጡ ሳጥን ከአንቴናው ከተለየ ዝም ያለ ሳጥን ነው። በአደጋ ምርመራዎች ተደጋግሞ የሚታየው ችግር ሳጥኑ ሳይጎዳ፣ ማብሪያው በትክክል ተነሥቶ ሳለ፣ ገመዱ ተበጥሶ ወይም አንቴናው ተሰብሮ ምልክቱ ከአውሮፕላኑ አካል ሳይወጣ መቅረቱ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ሦስት ሴስና 172 አውሮፕላኖችን በላንግሊ የምርምር ማዕከሉ ካለው ከፍተኛ ማማ ላይ ሆን ብሎ ሲከሰክስ፣ ሊያጠናው የፈለገው ኢኤልቲ ከነአንቴናውና ከነገመዱ ግጭትን እንዴት እንደሚቋቋም ነበር።

የቆየውን የ121.5 አንቴና ለአዲሱ 406 ማዋል አይቻልም። የአንቴና ርዝመት የሚለካው በሞገዱ ርዝመት ነውና፣ ለ121.5 ሩብ ሞገድ ማለት 62 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ለ406 ግን 18 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ አዲሱ አንቴና ሁለቱንም እንዲያገለግል ተደርጎ የተሠራ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው አንቴና ከሥሩ የብረት ወለል ይፈልጋል። አካሉ ከአሉሚኒየም በተሠራ አውሮፕላን ላይ ይህ ችግር አይሆንም፤ ከፋይበርግላስ ወይም ከካርቦን በተሠራው ላይ ግን አምራቹ ባዘዘው ስፋት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ንጣፍ ከውስጥ በኩል መለጠፍ ያስፈልጋል። የተከላ ዋጋ ሲጠየቅ ይህ ሥራ መካተቱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

አንቴናው በአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ወደ ሳጥኑ በተቻለ መጠን ተጠግቶ መተከል አለበት። ሳጥኑና አንቴናው የአውሮፕላኑ አካል ሲሠራ ተገጣጥሞ በተበየደበት ወይም በተቆለፈበት መስመር ግራና ቀኝ ከተለያዩ፣ አካሉ በግጭት የሚሰበረው በዚያው መስመር ስለሆነ ገመዱ አብሮ ይበጠሳል። ገመዱ አጭር ይሁን እንጂ ተወጥሮ መታሰር የለበትም፤ ሳጥኑ ጥቂት ቢንሸራተት እንኳ እንዳይነቀል በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ልል መተው ያስፈልጋል።

ማሰሪያውን ገዢው በራሱ እጅ ሊፈትነው ይችላል። የጅራቱን መፈተሻ ክዳን ከፍቶ ሳጥኑን ወደ ፊትና ወደ ጎን አጥብቆ ሲገፋው ከተቀመጠበት ሰሌዳ ጋር አንድ ሆኖ ሊቆም ይገባል። በቬልክሮ፣ ማለትም ሲጫኑት በሚያያዝ የጨርቅ ማሰሪያ፣ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ቬልክሮ በአቧራና በዘይት እየደከመ ስለሚሄድ፣ ሲታሰርም የጥብቀቱ ልክ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ በግጭት ጊዜ ሳጥኑ ፈትቶ እንደሚያመልጥ በተለያዩ አደጋዎች ታይቷል። በብረት ቀበቶና በመቆለፊያ የሚያዘው ሞዴል ዋጋው ከፍ ቢልም ልዩነቱን ይክሳል። በሳጥኑ ላይ ያለው ቀስት የበረራውን አቅጣጫ ማመልከቱም አብሮ ይታይ፤ ሄሊኮፕተር ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ወደ ታች ስለሆነ በየአቅጣጫው ግጭትን የሚለይ ማብሪያ ያለውን ሞዴል ይፈልጋል።

የግል ጠቋሚ

በእጅ የሚያዘው ጠቋሚ በዚያው በ406 ሥርዓት ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጂፒኤስ በውስጡ አለው። ዋጋው ከቋሚው ኢኤልቲ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ብዙ ባለቤቶች ይህ ብቻ ይበቃል ብለው ይፈተናሉ። ነገር ግን አንቴናውን ዘርግቶ ቁልፉን የሚጫን ሰው ይሻል፤ አብራሪው ራሱን ከሳተ ጠቋሚው ዝም ይላል። ተንቀሳቃሽ በመሆኑም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትን አሳፍሮ ከአንኮሬጅ ወደ ጁኖ ሲበር የጠፋው ሴስና 310 ለ39 ቀናት ተፈልጎ ሳይገኝ ሲቀር፣ የአብራሪው ተንቀሳቃሽ ጠቋሚ ሌላ ከተማ በቆመ ሌላ አውሮፕላን ውስጥ ነበር። እንደ ሁለተኛ መከላከያ ግን ወደር የለውም፤ አውሮፕላኑ ተገልብጦ የጀርባው አንቴና ከሥር ቢደቀቅ የሚቀረው ተስፋ እሱ ነው። ቦታው ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን አብራሪው የለበሰው ሰደሪያ ኪስ ነው።

በወርሃዊ ክፍያ የሚሠሩት የሳተላይት መልእክት መለዋወጫዎች የኮስፓስ-ሳርሳት አካል ስላልሆኑ ኢኤልቲን አይተኩም፤ የበረራውን መስመር በየጥቂት ደቂቃው እየመዘገቡ ለቤተሰብ ስለሚልኩ ግን ጠቃሚ ተጨማሪ ናቸው።

ባትሪና ምዝገባ

የ406 ኢኤልቲ ባትሪ ጠቋሚውን በከባድ ብርድ ውስጥም ቢሆን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማሠራት አለበት፤ ለዚህም አብዛኞቹ ሊቲየም ይጠቀማሉ። ሊቲየም ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 በለንደን ሂትሮው ቆሞ በነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ላይ እሳት ሲነሣ፣ የብሪታንያ መርማሪዎች መነሻው የኢኤልቲው ሊቲየም ባትሪ እንደሆነና የባትሪው ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው አጭር ዙር መፍጠራቸው ይበልጥ የሚያስኬድ ምክንያት እንደሆነ ደርሰውበታል። ስለዚህ ባትሪውን በራስ እጅ ፈታቶ መለወጥ፣ ወይም አምራቹ ያላጸደቀውን ርካሽ ባትሪ መግጠም አይመከርም። በአሜሪካ ሕግ ባትሪው በድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ካገለገለ ወይም የአገልግሎት ዘመኑ ግማሽ ካለፈ ይቀየራል፤ በመሆኑም ሁለት ሞዴሎችን ሲያነጻጽሩ የሳጥኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በአሥር ዓመት ውስጥ የሚገዙትን ባትሪዎች መደመር ያስፈልጋል።

ኢኤልቲው በየትኛው አገር ኮድ እንደተዘጋጀ ከግዢው በፊት መጠየቅ አለበት፤ በሌላ አገር ስም የተኮደ ያገለገለ ጠቋሚ ጥሪውን ወደ ቀድሞው ባለቤት ይመራዋል፣ ማዕከሉም የሚደውለው ለማያውቀው ሰው ይሆናል። ሻጩ 15 ፊደልና አኀዝ ያለውን መለያ በጽሑፍ ይስጥ፤ ገዢው ከሳጥኑ መለጠፊያ ጋር ያስተያየው፣ ከዚያም ስልኩንና የአውሮፕላኑን ዝርዝር ይዞ በአገሩ መዝገብ፣ አገሩ መዝገብ ከሌለው ኮስፓስ-ሳርሳት በሚያስተዳድረው ዓለም አቀፍ መዝገብ ያስመዝግበው። ስልክ ሲቀየርም መዝገቡ አብሮ መታደስ አለበት።