ስቴፕ-ሲኤን ሰባት ወር ተጠቀምኩበት፤ ኮምቦልቻ ግን 2018 ነበር

ስቴፕ-ሲኤ ለሰርቨሮች ዲጂታል መታወቂያ (ሰርተፍኬት) የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ከወር በፊት ብትጠይቁኝ «ይሰራል» ብዬ አልፍ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰራ አይወራለትም። ስድስት ወር ሙሉ ስሙን እንኳ አላነሳሁም። አሁን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ደሴ ቢሮ አለን፣ ኮምቦልቻ መጋዘን። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ በጅምላ። ደሴ ያለው የሽያጭ ሰርቪስ ትዕዛዝ ሲቀበል ኮምቦልቻ ያለውን የክምችት ሰርቪስ «ይሄ ዕቃ አለ? ካለ ቀንስልኝ» ይለዋል። በፊት የሚተዋወቁት በአንድ የጋራ ፓስወርድ ነበር፤ ሦስት ዓመት ያልተቀየረ፣ ሥራ የለቀቀ ሁሉ የሚያውቀው። ግንቦት 2017 ላይ ደሴ ሰርቨር ላይ ስቴፕ-ሲኤን ጫንኩና በሰርተፍኬት አስተዋወቅኳቸው። ኤምቲኤልኤስ የሚሉት ነው። በተለመደው ቲኤልኤስ (ማሽኖች በምስጢር የሚነጋገሩበት መንገድ) መታወቂያ የሚያሳየው ሰርቨሩ ብቻ ነው፣ እዚህ ሁለቱም ያሳያሉ። ኬላ ላይ ፈታሹ «መታወቂያ» ሲልህ አንተም «ያንተንስ?» ትለዋለህ እንደማለት (እውነተኛ ኬላ ላይ አትሞክሩት)።

ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት። የሚሰጠው ሰርተፍኬት ካልቀየርከው በቀር የሚቆየው 24 ሰዓት ነው። ከዕድሜው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሲያልቅ ማደሻው ራሱ ያድሰዋል። በዚህ በኩል ስሞታ የለኝም።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ዓርብ ሌሊት ኮምቦልቻ መብራት ጠፋ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ዩፒኤስ አለን። የዚያን ቀኑ ግን ቆየና ዩፒኤሱም ሞተ። ቅዳሜ ጠዋት መብራት መጣ፣ ማሽኑም ተነሳ፣ ትዕዛዝ ግን አያልፍም። ወደ ወልድያ የሚሄድ አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። የመጋዘኑ ሰዎች ወደ ካርኒና እስክሪብቶ ተመለሱ።

ደሴ ሆኜ ሎጉን (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ከፈትኩ። ከወዲያኛው ወገን የመጣው መልስ ባጭሩ «ሰርተፍኬትህ ጊዜው አልፎበታል» ይላል። አየሁት። ዛሬ ጠዋት የታደሰ ነው፣ እስከ ነገ ይሰራል። ለማንኛውም አዲስ አወጣሁ። «አልፎበታል»። ደግሜ አወጣሁ። «አልፎበታል»። ቀለሙ እንኳ ያልደረቀ መታወቂያ ይዘህ «አርጅቷል» ስትባል አስበው። ያን ጊዜ ነው ሰዓቱን የጠረጠርኩት። በርቀት እንዳልገባ በሩን ራሴው ዘግቼዋለሁ (እመጣበታለሁ)። ስለዚህ የመጋዘኑ ኃላፊ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እስቲ ዲ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ ብለው ይጻፉና ኢንተር ይምቱልኝ።»

«መታሁ።»

«ዓመቱን ስንት ይላል?»

«2018።»

«ልክ ነው» አልኩ።

ልክ ነው አልኩ! ካርኒው ላይ 2018፣ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር 2018፣ ራሴ ውስጥ 2018። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ 2025 ነበር ማለት ያለበት። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሎግ ላይ ሳፈጥ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) የተጻፈውን 3 ደምሬ፣ 6 ቀንሼ ወደ እኛ ሰዓት ስመልስ አእምሮዬ ቅቤ ሆኗል። ጋሼም ድምፄን ሰምተው «አብሽር ልጄ፣ ይስተካከላል» ብለው አጽናኑኝ።

እሁድ ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። የኮምቦልቻው ሎግ ላይ ያለው መስመር ደሴ ከደረሰኝ ይረዝማል፦ «ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎበታል ወይም ገና አልደረሰም»። ወይም! ደሴ ድረስ የመጣልኝ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር። መስመሩ ጭራ ላይ ደግሞ ማሽኑ አሁን ነው ብሎ የሚያምነው ቀን ተጽፏል፤ ጃንዋሪ 2018። ለሱ የእኔ ሰርተፍኬት ያረጀ ሳይሆን ገና ያልተወለደ ነው።

ምክንያቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ መብራት ሲጠፋ የማሽኑን ሰዓት የምታስቀጥለው ክብ ባትሪ ናት። ከሞተች ቆይታለች። ማሽኑ መብራት እስካለው ድረስ አይታወቅም፤ ድሮ ጠፍቶ ሲነሳም ክሮኒ የሚባለው ፕሮግራም ከኢንተርኔት ሰዓቱን አምጥቶ ያስተካክለው ነበር። ኤምቲኤልኤስን ስገጥም ግን እኔ ጎበዙ «ለጥንቃቄ» ብዬ ከ443 በስተቀር ሁሉንም ፖርት (የኔትወርክ በር) ዘጋሁ። ሰዓት የሚመጣበትን የዩዲፒ 123 ጭምር። ስቴፕ-ሲኤ ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል ብሎ የሰርተፍኬቱን መጀመሪያ 1 ደቂቃ ወደ ኋላ ይስበዋል። እኔ የሚያስፈልገኝ ስምንት ዓመት ገደማ ነበር።

ሰዓቱን አስተካከልኩና ተነፈስኩ። አሁንም አይሰራም። ከዓርብ ጀምሮ ስላልታደሰ የኮምቦልቻው ሰርተፍኬት በዚህ መሃል የእውነት ጊዜው አልፎበታል፤ ጊዜው ያለፈበትን ደግሞ አያድስም። አዲስ ቶክን (ሰርተፍኬት ለመጠየቅ የሚያገለግል ፈቃድ) አውጥቼ እንደ መጀመሪያው ቀን ከዜሮ ጀመርኩ።

አንድ ሥልጠና ላይ «ራሱን ያድሳል፣ አንተ ተኛ» ያለን ልጅ ትዝ አለኝ። ወንድሜ፣ ማደሻውም እኮ ሊያድስ ሲሄድ መጀመሪያ የራሱን የስቴፕ-ሲኤን ሰርተፍኬት ያያል፤ ሰዓቱ ከተሳሳተ እሱንም «ገና አልደረሰም» ነው የሚለው። ዜሮ ትረስት፣ ዜሮ ትረስት ስትለን ዋልክ። ማንንም አትመኑ አልከን፣ ሰዓቱን ግን ሁላችንም አምነነዋል። ስላይድህ ላይ ባትሪ የሚል ቃል አላየሁም።

ልንቀለው ወይ? ቅዳሜ ማታ ብትጠይቁኝ በደስታ። ያ አሮጌ ፓስወርድ ናፍቆኝ ነበር፣ ወላሂ። ቀን ስንት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ግን ጥቅምት ላይ አንድ የተረሳ ላፕቶፕ በዚያው ፓስወርድ ሊገባ ሲሞክር በር ላይ ቀርቷል። ያችን የሎግ መስመር አስቀምጫታለሁ፤ ሲከፋኝ እከፍታታለሁ። ስለዚህ አልነቅለውም። የሁለቱን ሰርቪሶች ሰርተፍኬት ወደ 72 ሰዓት አረዘምኩት፣ ከበፊቱ ረዘም ያለ ፋታ እንዲሰጠኝ። ጊዜው ካለፈም በኋላ እንዲያድስ የሚፈቅድ ምርጫ አለው፤ እሱን ግን አልነካሁትም። ያለፈበት መታወቂያ የሚቀበል ኬላ ምኑን ኬላ ሆነ? 123ንም ከፈትኩለት።

ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች። ሰኞ ደሴ ፒያሳ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰዓት ሰሪ ጋ አገኘኋት።

«ለምን ዓይነት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ለመጋዘን።»

«የግድግዳ ነው?»

«እንደዚያ በለው» አልኩና ሁለት ገዛሁ።