አፈር አንባቢው መሣሪያዬ፦ ዘጠኝ ወር በሀዋሳ ዙሪያ

የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ስፔክትሮሜትር ሲሆን ከአፈሩ የሚንጸባረቀውን፣ ዓይናችን የማያየውን፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ900 እስከ 1700 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን ያነባል። የፈለግሁት በዚህ የአፈሩን ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ማለትም ከበሰበሰ ተክልና ፍግ የሚመጣውን የለምነት ምልክት፣ ለመገመት ነው። ሻጩ «አፈሩ ላይ ደግፎ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው» አለኝ። «ብቻ» ያላት ቃል ብዙ ወር አስከፍላኛለች።

መጀመሪያ ያታለለኝ ውሃ ነው። ዶሬ ባፋኖ አካባቢ በበጋ ያነበብኩትን የበቆሎ ማሳ በበልግ ዝናብ ማግስት ብደግመው ሌላ አፈር ሆኖ ቁጭ አለ። ውሃ 1450 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃኑን ስለሚውጠው መሣሪያው የሚስለው የብርሃን ኩርባ እዚያ ጋ ይሰምጣል፤ ደካማው የኦርጋኒክ ካርቦን ምልክትም አብሮ ይሸፈናል። አሁን አፈሩን ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ፣ አደቅቃለሁ፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት እነፋለሁ፣ ከዚያ አነባለሁ። የመስክ መሣሪያ ተብሎ የተገዛው ዕቃ ከበረንዳዬ አይወጣም።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። መሣሪያው የሚሰጠው ኩርባ ነው፤ ኩርባውን ወደ ካርቦን መጠን የሚለውጠው ሞዴሉ፣ ማለትም ከተመረመሩ ናሙናዎች የተማረ የኮምፒውተር ስሌት፣ ነው። አብሮት የመጣው ሞዴል ደግሞ የተማረው በሌላ አገር አፈር ነው፤ የእኛን የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አመድ አያውቅም። ስለዚህ ከ12 ማሳ አምስት አምስት ናሙና አውጥቼ 60ውንም ከኪሴ ከፍዬ ላብራቶሪ አስመረመርኩና ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የራሴን ሞዴል ሠራሁ። ውጤቱ እጅግ አማረ። ለጓደኞቼ ሳይቀር ማኪያቶ ጋበዝኩ።

በኋላ ነው የገባኝ። ናሙናዎቹን በዘፈቀደ ስከፍላቸው ከአንድ ማሳ ከወጡት ጥቂቶቹ ለማስተማሪያ፣ የቀሩት ለመፈተኛ ገብተዋል። የአንድ ማሳ አፈር ወንድማማች ነው፤ ሞዴሌ ፈተና ተሰርቆለት የተፈተነ ተማሪ ነበር። አንዳንድ ማሳዎችን ከነናሙናቸው በሙሉ ለፈተና ብቻ ለይቼ ስደግመው የሞዴሉ ውጤት ወረደ። አሁን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብሎ ይለይልኛል፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር አላምነውም።

አንዲት እናት ጓሮ ያጋጠመኝን ላንሳ። እንሰታቸው ሥር ያለው አፈር ለዓመታት ፍግ የጠገበ፣ ጥቁር ነው። መሣሪያዬ «መካከለኛ» አለው። እሳቸውም «ልጄ፣ ይሄ መካከለኛ ከሆነ ሌላው ምን ሊባል ነው?» ብለው ሳቁ። ላብራቶሪው በእሳቸው ፈረደ። ሞዴሌ የበቆሎ ማሳ ብቻ አይቶ ስላደገ ከለመደው በላይ ያለውን ካርቦን መገመት አይችልም።

ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ስንት ልጨምር ብሎ ለሚጠይቅ ገበሬም መልስ የለውም፤ ተክል የሚወስደው ፎስፈረስ በዚህ ብርሃን በቀጥታ አይታይም። ቅጠል ላይም ቅር አሰኝቶኛል፤ የክሎሮፊል ምልክት ከ700 ናኖሜትር በታች ስለሆነ ለዚህ ዕቃ አይታየውም። ደርቆ የተፈጨ የበቆሎ ቅጠል ግን ተስፋ አለው፤ ገና እየሞከርኩት ነው።

ባትሪውን አልወቅሰውም። መሣሪያው ንባቡን የሚያነጻጽርበትን ነጩን ማመሳከሪያ ሰሌዳ ግን ከአቧራ ጠብቁት፤ እሱ ከቆሸሸ ቀኑን ሙሉ የተነበበው ሁሉ ይዛባል። አምፖሉም እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ቸኩዬ ስንት ንባብ ጥያለሁ።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ፦ የላብራቶሪውን ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር ደምረህ ካልከበደህ ግዛ። እኔ አሁን 15 የእንሰት ጓሮ ናሙና በረንዳ ላይ ዘርግቻለሁ። ሐምሌ ነው፣ አልደርቅ ብሎኛል።