ደብረ ማርቆስ ላይ የሃይሉክሴን ካታሊስት ያስቀየርኩበት ጋራዥ

ለምትቸኩሉ ፍርዱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሥራ ያውቃሉ። ሰዓት አያከብሩም። ደረሰኛቸው ያናድዳል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ።

ጋራዡ ታፔላ የለውም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወጣው አስፋልት ከተማውን ልትጨርሱ ስትሉ በስተግራ አንድ ኮረኮንች መንገድ አለ። ትንሽ ገባ እንዳላችሁ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታያላችሁ። ሰዉ ቦታውን የሚያውቀው በዋናው መካኒክ ነው። ሽበታም ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው።

መኪናዬ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ናት፤ 2.5 ዲ ፎር ዲ፣ የናፍታ። ያገለገለች ሆና ከአውሮፓ ነው የመጣችው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በርበሬ፣ ከየገጠሩ ማር ትጭናለች። መንገዱ ሲፈቅድ ደግሞ አባይን ተሻግራ አዲስ አበባ ትደርሳለች። ልብ በሉ፣ ካታሊስት፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ መርዛማውን ጭስ የሚቀንሰው ዕቃ፣ ሁሉም ሃይሉክስ ላይ አይገኝም። መኪናው በተሠራበት ዘመንና በተሠራለት አገር ይለያያል። የአውሮፓው ግን አለው።

ሕመሟ ቀስ ብሎ ነው የጀመረው። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ሽቅብ ሲሆን ትለግማለች። ከህዳሴ ድልድይ ተነስታችሁ ደጀን እስክትደርሱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምትጨርሰውን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ትጎተት ጀመር። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ እንደታነቀ ሆኖ ይቀራል። የጋቢናው ወለል ከእግሬ ሥር ይግላል። ጭሱም ጠቆረ። ናፍታም በላች። ናፍታ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ ለምታውቁት ይህ ብቻውን በቂ ንዴት ነው።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት ሌላ ቦታ ሞክሬያለሁ። አንዱ ጋ «የደጋ ጭስ ነው» አሉኝ። እውነት ነው፣ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የናፍታ መኪና እዚህ ትንሽ ቢያጨስ አይገርምም። ግን መኪናዋ ትናንት የመጣች አይደለችም፤ ያው ደጋ ላይ ስትሠራ የኖረች ናት። የናፍታ ፊልትሮና የአየር ፊልትሮ ቀየሩልኝ፣ ከፈልኩ፣ ጭሱ ያው። ሌላው ጋ ደግሞ «ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገር» ተባልኩ። መኪናዋ የኔ፣ ሊብሬው በኔ ስም፣ ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለው! ምን ሊነጋገሩ እንደፈለጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሦስተኛው መካኒክ ካታሊስቱን መጠርጠሩ ልክ ነበር። መፍትሔው ግን «ሆዱን ዘርግፈን ባዶውን እንግጠመው» የሚል ነው። ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ፤ አልፈርድባቸውም። ርካሽ ነው፣ ጉልበቱም ወዲያው ይመለሳል። እኔ ግን ማር ነው የምጭነው። ማርና ሰም ሽታ ይስባሉ። ያልተቃጠለ ናፍታ ሽታ ከኋላ ተነስቶ ጭነቱ ላይ ሲያርፍ አስቡት። አንድ ጀሪካን ማር ናፍታ ናፍታ ካለ ደንበኛው ሁለተኛ አይመለስም። ከዚያ ወዲያ ጭሱን የሚምገው ከኋላዬ በእግሩ የሚሄደው ገበያተኛ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ። ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። «መቼ ጀመራት? ዘይት ትጨምሪያለሽ? ጠዋት ስትነሳ ታንኳኳለች?» ስመልስ ሰሙኝ። ሳያቋርጠኝ እስክጨርስ የሚሰማኝ መካኒክ ማግኘት ለኔ ብርቅ ነው። ከዚያ ልጆቹ ስካነር ሰኩ። ይህ ነው የሚባል ነገር አልወጣም። ጋሼ አልደነቃቸውም። የኔ መኪና ካታሊስት ላይ ሴንሰር የለም፤ ቢታፈን ለኮምፒውተሩ የሚነግር የለውም።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ከካታሊስቱ በፊት ያለውን መጋጠሚያ ብሎኖች አላልተው ጭሱ በዚያ እንዲወጣ አደረጉ። ድምፁ ሰፈሩን ቀወጠው። ራሳቸው ይዘዋት ወጡ፤ ዳገቷን ሞክረው ሲመለሱ እየሳቁ ነበር። «ነይ ንጂያት» አሉኝ። ነዳሁ። ጉልበቷ መጥቷል! ስለዚህ ሞተሩም፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦም ጤነኛ ነው፤ የታፈነው መውጫው ነው ማለት ነው። ያለ ብዙ መሣሪያ፣ ምንም ሳይገዛ ተረጋገጠ። ሌሎቹ ይህን ለምን አላደረጉትም ብዬ ተናደድኩ።

ካታሊስቱ ሲወርድ ጋሼ በአንዱ አፉ የእጅ ባትሪ አብርተው በሌላው በኩል እንዳይ ጠሩኝ። ውስጡ ልክ እንደ ማር እንጀራ ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የሸክላ ድንጋይ። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲነምና ፓላዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። ጭሱ በዚያ ሲያልፍ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለው ናፍታ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይቀየራሉ። ብርሃኑ በዳር በኩል ትንሽ ነጠብጣብ አሳየ እንጂ መሃሉ ድፍን ነው። ጥቀርሻው ተጋግሮ ዘግቶታል።

በዚህ ቢያበቁ ኖሮ ሦስት ኮከብ ነበር የምሰጣቸው። አራተኛዋን ያገኙት ቀጥሎ ባሉት ነገር ነው። «ካታሊስት በራሱ አይታፈንም፤ የሚያፍነው አለ። እሱን ሳናገኝ አዲስ ብንገጥም አዲሱንም ይበላዋል» አሉ። ናፍታ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች አውጥተው ለፍተሻ ባሕር ዳር አስላኩኝ። ሁለቱ ያንጠባጥባሉ። ናፍታው እንደ ጉም መረጨት ሲገባው በጠብታ ይገባል፤ ጠብታ ደግሞ በደንብ አይቃጠልም፣ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። የቱርቦውን ቱቦ ፈትተውም አዩ፤ ዘይት የለበትም። ይህን ያህል ጣጣ ውስጥ የገቡት ዕቃ ሊሸጡልኝ አይደለም። ኖዝሉን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ሳንቲም አላገኙበትም።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። በአጭር ርቀት ብቻ የምትመላለስ መኪና ካታሊስቷ አይሞቅም። ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ወደ 200 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ሰልፈር የበዛበት ናፍታም ያደክመዋል። ናፍታውን መምረጥ አንችልም፤ ያገኘነውን ነው የምንቀዳው። ስለዚህ ቢያንስ ኖዝልና ዘይት እንጠብቅ።

የዕቃው ነገር ሰፊ ነው። ጋራዡ ዕቃ አይሸጥም፤ ራሳችሁ ገዝታችሁ ነው የምትመጡት። የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዞረልኝ። ሦስት ዓይነት አለ። ኦሪጅናሉ በትዕዛዝ ይመጣል፤ ዋጋውን ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁት። ከሌላ መኪና የወለቀ አለ፤ እሱ ዕጣ ነው፣ ምን ያህል እንደሠራ አይታወቅም። ሌላ ፋብሪካ ለሃይሉክስ ብሎ የሚሠራው አዲስ ደግሞ አለ። እኔ የወሰድኩት እሱን ነው። የብሩን መጠን አልጽፍላችሁም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ ጀምሮ የመለዋወጫ ዋጋ ዛሬ ያልኳችሁ ነገ አይገኝም። ይህን ያህል ግን ልበል፤ የጋራዡ የእጅ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ሩቡን አይሞላም።

ጋሼ በስልክ ለልጁ የሰጡት ምክር ለእናንተም ይጠቅማል። አንደኛ፣ የቤንዚን ካታሊስት የናፍታ ነው ብለው እንዳይሸጡልህ፤ ውስጡ የተቀባው ይለያያል። ሁለተኛ፣ ነቅንቀው፤ ውስጡ ከተንኳኳ ድንጋዩ ተሰብሯል፣ ተወው። ሦስተኛ፣ በባትሪ እያበራህ በውስጡ ተመልከት፤ ባዶ ቆርቆሮ የገዛ ሰው አለ። ጓርኒሲዮኑን፣ መጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ አብረህ ግዛ። የወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ባለሱቁ «ዶክተር ነህ እንዴ?» አለው አሉ። ዕቃው ማርቆስ እስኪደርስ ግን መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ የማንም ጋራዥ ጥፋት አይደለም።

መግጠሙ ላይ አልረዝምም። የድሮዎቹ ብሎኖች በዝገት ተጣብቀው ስለነበር በግራይንደር ተቆርጠው በአዲስ ተተኩ። የአሮጌው መጋጠሚያ ላይ ከዚህ በፊት የነካካው ሰው ሲሊኮን ለጥፎበት ነበር፤ ያን ሁሉ ፋቁት። የማርሚታው ማንጠልጠያ ጎማዎችም ተበጣጥሰው ስለነበር ተቀየሩ። ካታሊስቱ እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ ድንጋዩ ይሰነጠቃልና። አዲሱ ላይ የጭሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ከጋራዡ ልጆች አንዱ ጠርቶ አሳየኝ። «እትዬ፣ ይኸው፣ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ በኋላ ገልብጠው ገጠሙት እንዳይሉን።» ሳቅኩ።

አንድ ነገር ግን አልገጠመም። የኋላው ማንጠልጠያ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነው የተሠራው። ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ እንደዚህ ያለ ነገር አያጣም። ቆርጠው በየዱት። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ገመድ መንቀላቸውን ወደድኩት፤ በኤሌክትሪክ ብየዳ ኮምፒውተሩ የተቃጠለበት ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጉድለታቸው። «ለምሳ ትደርሳለች» አሉኝ። ጨለማ ሲይዝ ነው የወጣሁት። መኪና ከሥር የሚሠራበት ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው። መሃል ላይ አንድ አይሱዙ ፍሬን አጥቶ መጣና የኔ ወጥታ እሱ ገባ። ፍሬን እንደሚቀድም ይገባኛል። ግን ማን ነገረኝ? እዚያው ተቀምጬ ራሴ ነኝ ያየሁት። መቀመጫው ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ነው፤ ጥላ የለውም። ሽንት ቤቱን አታንሱብኝ። የሾፌሩ ወንበር ላይ የግራሶ እጅ ታትሞ አገኘሁ፤ ዛሬም በደንብ አልለቀቀም። ደረሰኝ ስጠይቅ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ «ካታሊስት መቀየር» ብለው ጽፈው ፈረሙልኝ። ሒሳብ ለሚይዝ ነጋዴ ይህ ደረሰኝ አይባልም።

ከበሩ ውጭ ግን አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ቡናዋ ለጋራዡ ግማሽ ኮከብ ይጨምራል፣ የነሱ ባይሆንም።

አሮጌውን ካታሊስት ጋሼ ራሳቸው በጋዜጣ ጠቅልለው መኪናዬ ላይ ጫኑልኝ። «የአንቺ ነው፤ ውስጡ ያለው ማዕድን ይሸጣል» አሉኝ። በሩ ላይ አንድ ሰው «እትዬ፣ ያንን ቆርቆሮ እኔ ላንሳልዎ» ብሎ ጠጋ ሲል ነገሩ ገባኝ። የትም ብታስቀይሩ አሮጌውን ሳትይዙ አትውጡ። ጠይቁ፣ ካልሰጡ ደግሞ ለምን እንደማይሰጡ ጠይቁ።

ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ብሎኖቹ ደግመው እንዲጠበቁ መመለስ ነበረብኝ፤ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይላላሉና። ሄድኩ፣ አጠበቁ፣ ገንዘብ አልተቀበሉም። ከዚያ ወዲህ ጭነት ይዤ ከአባይ ወደ ደጀን ወጥቻለሁ። በሦስተኛ ነው የወጣችው፤ ሹል ጥምዝ ላይ ብቻ ወደ ሁለተኛ አወረድኳት። ጭሱ ጠዋት ስትነሳ ትንሽ አለ፣ ስትሞቅ ይጠፋል። ወለሉ አይግልም።

ማን ይሂድ? የናፍታ ፒካፕ ያለው፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ያልታወቀለት ሰው ይሂድ። አዳዲሶቹ፣ ዲፒኤፍ የሚባለው የጥቀርሻ ማጣሪያ ያላቸው መኪኖች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱ ያጠራቀሙትን ጥቀርሻ ወደ 600 ዲግሪ ሞቀው ያቃጥላሉ፤ ለሱ ደህና ስካነር ያስፈልጋል። ጋሼም «ያንን እኛ ጋ አታምጡ» ይላሉ። ለቦሎ የቸኮለና ቀኑን ሙሉ መቀመጥ የማይችል ሰውም ሌላ ቦታ ይፈልግ። ስልካቸው አይነሳም፤ በአካል ሂዱ። ጠዋት በጊዜ፣ አይሱዙዎቹ ሳይደርሱ። ጃንጥላ ያዙ።