ከከሰል ቁፋሮ በኋላ፦ ባሕር ዛፍ ወይስ የተቀበረው ዘር?

ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በጭልጋ ምድር ሥር፣ የድንጋይ ከሰል አለ። እንዲህ ያለ መሬት ከተቆፈረ በኋላ ምን ይልበስ?

ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል፣ ለገበሬው ገንዘብ ነው። ከሥሩ ግን ሣር ይሳሳል፤ ዝናቡም የተራቆተውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል።

እኔ የምወግነው አስቀድሞ ተገፍፎ ለሚመለሰው የላይ አፈር ነው። በዚያ ስስ ንብርብር ውስጥ የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ተኝቷል፤ እንደ ግራር ያለ ቅርፊቱ የጠነከረ ዘርም ዓመታት ይታገሣል። ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አፈሩ ለብቻው ይገፈፍ፣ ከፍ ተደርጎ አይከመር፣ ሳይቆይ ይመለስ፤ በትልቅ ክምር ሆድ ውስጥ ለዓመታት የከረመ ዘር በአብዛኛው ይሞታል። ከከሰሉ ጋር የሚወጣው ድኝ ያለበት ድንጋይም አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ስለሚያመነጭ፣ ከታች በጥልቀት መቀበር አለበት። ከብትም ለጊዜው አይግባ!

የአገር በቀል ዛፎቻችን ጉዳይ ይለያል። የዝግባ ዘር አፈር ውስጥ ብዙ ዘመን አይቆይም። ወይራንና ዋንዛን በአቅራቢያው የቤተ ክርስቲያን ደን ካለ ወፎች ያመጧቸዋል፤ ዝግባው ግን በችግኝ ቢተከል ይሻላል።